ቶሮንቶ ለምትገባው እህቴ፦ ከሁሉ በፊት የልጆቹን የክትባት ካርድ ተመልከቺ

እህቴ፣ «በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቶሮንቶ እንገባለን፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስገባትና ኑሮ ለመጀመር ከየት ልነሳ?» ያልሽውን አየሁ። ከሥሩ የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኩ፦ ካፖርት ግዢ፣ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ። ደጎች ናቸው። ነገር ግን ካፖርቱን ብርዱ ራሱ ያስገዛሻል፣ ምግብ ቤቱንም የቡናው ሽታ ይመራሻል። እኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ።

1. አገር ቤት ሳለሽ የልጆቹን የክትባት ካርድ አውጥተሽ ቀኖቹን እይ። በእኛ አቆጣጠር፣ በቁጥር ብቻ ነው የተጻፉት አይደል? የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበር። የተወለደው ሐምሌ 28 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ በትክክል ኦገስት 4 ቀን 2015 ተብሎ ሰፍሯል። የስድስት ሳምንቱን ክትባት የወሰደው መስከረም 4 ቀን 2008 ሲሆን ነርሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ 4/1/2008 ብላ ጽፋዋለች።

በ2023 ክረምት እዚህ እንደገባን ሰው የጠቆመኝ ተርጓሚ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከበበ የምስክር ወረቀት ሰቅሏል። ለአንዲት ገጽ 45 ዶላር ተቀበለኝ። የክትባቶቹን ስም ተረጎመና ቀኖቹን እንዳሉ ገለበጣቸው። 4/1/2008 እንደገና 4/1/2008 ሆኖ ወጣ። ዐይኔ የለመደው ቁጥር ስለሆነ እኔም አልነቃሁም፤ እንዲያውም ማኅተሙ ደምቆ ስላረፈ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአንድ ቀን ደመወዜን ትቼ፣ ልጁን ይዤ፣ ወረቀቱን ሊያዩልኝ ወደሚገባ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «ልጅህ የተከተበው ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት ነው?» አለችኝ። ለእሷ ያቺ ቁጥር ኤፕሪል 1 ቀን 2008 ናት። የራሳችን ዘመን አቆጣጠር እንዳለን ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝና ሌላ ነገር አገኘች፤ የእኔና የልጁ የቤተሰብ ስም አይገጥምም። በፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የአያት ስም ነው። ስለዚህ በእኔ ላይ የአያቴ፣ በልጄ ላይ የአባቴ፣ በባለቤቴ ላይ ደግሞ የእሷ አያት ስም ተጽፏል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም። ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ከካናዳ ውጭ በተወለደባት ከተማ እየሠራች፣ በአባት ስም የሚጠራ ሕዝብ መኖሩን ሰምታ የማታውቅ ትመስል ነበር። «በእርግጥ አባቱ ነህ?» አለችኝ። ልጁ እጄን ይዞ ቆሟል። እንግሊዝኛ ባልገባው ብዬ ተመኘሁ፤ ይገባዋል።

ክሊኒክ ስንሄድም ያው ወረቀት አዋረደን። የማይታመን ማስረጃ እንደሌለ ስለሚቆጠር መከተብ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ማስረጃውን ደግሞ መተው አይቻልም፤ በኦንታሪዮ ሕግ የክትባት ማስረጃውም ሆነ ሕጉ የሚፈቅደው የነጻ መሆኛ ወረቀት ያልቀረበለት ተማሪ እስከ 20 የትምህርት ቀን ሊታገድ ይችላል። ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ ነርሷ ቆጥራ፣ ከወሰዳቸው መርፌዎች አንዷ ጨርሶ እንደማታስፈልገው ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጄ ግን «አባዬ ከመወለዴ በፊት ጀግና ነበርኩ» እያለ ይቀልድብኛል።

ስለዚህ ክትባቱን ወደ ሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያለበት ወረቀት አስጽፊ። «የካርዱ ቅጂ ይበቃል» ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው። ካርዱ ፍጹም ቢሆንም ጥቂት መርፌ እንደማይቀር እወቂ። እዚህ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚቆጠረው ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ስለሆነ የእኛ የዘጠኝ ወሩ አይያዝላችሁም። የጉድፍም በእኔ ልጅ ካርድ ላይ አልነበረም። እሱን ተቀበዪው፤ እኔን የሚያናድደኝ ያላግባብ የተወጋው ነው።

2. ቤተ መጻሕፍት። መጽሐፍ ለመዋስ ብቻ እንዳይመስልሽ። የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 100 ቅርንጫፎች አሉት፣ ለነዋሪ ካርዱ ነጻ ነው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ሴትልመንት ወርከር የሚባሉ፣ ለአዲስ ገቢ ቅጽ የሚሞሉና መንገድ የሚያሳዩ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ የአገሬ ሰው ቅጽ ሞልቶልኝ ገንዘብ ተቀብሎኛል፤ በነጻ የሚሠራውን! ከመጣሁ ጀምሮ ቡና ያጠጡኝ ወዳጆቼም ያውቁ ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «የምታውቅ መስሎን ነው» አሉኝ።

ብቻ በዚያ በተዋረድኩበት ሳምንት ከዝናብ ልጠለል ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ገብቼ ባለሙያዋን አገኘኋት፤ ኢራናዊት ናት። የክትባቱን ወረቀት ዘርግቼ ታሪኩን መናገር ስጀምር ሳቀች። ተቆጣሁ። እሷ ግን ወረቀት ስባ 1402 ብላ ጻፈችና «በእኛ አገር አሁን ዓመቱ ይህ ነው፤ በእናንተስ?» አለችኝ። 2016 ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። እሷ ደግሞ ከሥሩ 2023 ጨመረችበት። ሦስቱን ቁጥሮች ይዘን ጥቂት ተያየን። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የኦንታሪዮ የተርጓሚዎችና አስተርጓሚዎች ማኅበር ዕውቅና ከሰጣቸው መካከል እንድፈልግ የመራችኝም እሷ ናት። አዲሱ ተርጓሚ እያንዳንዱን ቀን ቀይሮ ከግርጌ ስለ አቆጣጠራችን ሁለት መስመር ማብራሪያ አስገባልኝ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ተርጓሚ መፈተኛ ጥያቄ ልስጥሽ፦ «መስከረም 1 ቀን 2008 በፈረንጅ ስንት ነበር?» በይው። ሴፕቴምበር 11 ካለሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ። የ2007 ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች መልሱ 12 ነው። አሁን እኔ ራሴ የቀን መለወጫ ሰንጠረዥ ሠርቼ እስካሁን አሥራ አንድ ቤተሰብ ተጠቅሞበታል፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ እዚህ የጠቀመኝ በዚህ ብቻ ነው።

3. 211 ደውዪ። የምግብ ድጋፍ፣ የሕግ ምክር፣ መጠለያ፣ ምን የት እንዳለ በአስተርጓሚም ቢሆን ይነግሩሻል። 311 ሌላ ነው፤ እሱ ለቆሻሻ፣ ለመንገድና ለመሳሰለው የከተማው አገልግሎት ነው። እኔ አምታትቼ 211 ደውዬ ስለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጠይቄያለሁ፤ ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። ለልጆቹ ከተማው የሚሰጠውን የዋና ትምህርት ካሰብሽ ምዝገባው በተወሰነለት ቀን ከንጋቱ አንድ ሰዓት ይከፈትና በደቂቃዎች ይሞላል። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ከተማው ክፍያውን የሚሸፍንበት አሠራር አለው፤ ማመልከቻውን ግን ከምዝገባው ቀን በፊት አስቀድመሽ አስገቢ።

4 ብዬ ስለ መንጃ ፈቃድ ልጽፍ ነበር፣ ረዘመብኝ። ባለቤትሽ ከሁለት ዓመት በላይ ነድቶ ከሆነ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት የማረጋገጫ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። ያለዚያ የመጨረሻውን የመንገድ ፈተና በቀጥታ መፈተን አይችልም፤ እኔ ያለ ደብዳቤ መጥቼ አይቼዋለሁ።

ሰነዶቹን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ስትደርሱ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከአራት ሰዓት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ነን። አራት ሰዓት ስልሽ በእኛው ነው፤ እዚህ አሥር ይሉታል።