ቁራው ለምን ጥቁር ብቻ ሆነ?

ወንድም ዓለም፣ ደሴ ላይ ያነሳኸው ቁራ ለምን ላባው የማይለይ ጥቁር ጥላ እንደሆነ፣ ሰውስ ለምን «ያምራል» ብቻ ብሎህ እንደሚያልፍ ጠይቀሃል። አብሽር፣ ሁለቱም ይፈታል።

ቁራው ከኋላው ሰማይ ነው ያለው። ካሜራው ደማቁን ሰማይ አይቶ ብርሃኑን ቀነሰው። ፀሐይን ከጀርባህ አድርግና ወፉ ከኋላው የጦሳ ተራራ ተዳፋት ወይም ዛፍ ሲኖር አንሳው። ያኔ ግን ተቃራኒው ይመጣል፦ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ላባ ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ቀንስ። ይህ ምንቃረ ወፍራም ቁራ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው፤ ያ ነጭ መለያው ነውና እንዳይጠፋብህ። ፎከስህ ዓይኑ ላይ ይሁን። እየበረረ ከሆነ ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ ጀምር።

አስተያየት ስትፈልግ «እንዴት ነው?» አትበል። «ዓይኑ ጠርቷል ወይ? ከወፉ ኋላ ያለው ይረብሻል ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ሰው ቁርጡን ይነግርሃል። ጎጆ ካነሳህ ግን ቦታውን አትጻፍ፣ እባክህ። ሰው ሲበዛባት እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

ቀጣዩን ከሐይቅ ዳር ካነሳህ ሹተሩንና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ጽፈህ ለጥፈው፤ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።