«በረራው ሞልቷል» ተብዬ ከቦሌ ቀረሁ፤ ፈርሜያለሁና መብቴ አለቀ?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ላመጣ ወደ ዱባይ ትኬት ቆርጬ በሰዓቱ ቦሌ ደረስኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየችና «በረራው ሞልቷል፣ እስቲ ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። በመጨረሻ ወደ ነገ አዛወሩኝ። የሆቴልና የምግብ ኩፖን ሰጥተው ወረቀት አስፈረሙኝ። በዚህ መሃል ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ልጭን ቀብድ የከፈልኩበት ካርጎ አመለጠኝ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ያቺን ወረቀት ያውጧትና ያንብቧት።

«ሆቴልና ምግብ ተቀብያለሁ» ብቻ ከሆነ የምትለው፣ ደረሰኝ ናት። መብትዎን አትነካም። «ወንበሬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ወይም «ይህን ካሳ ተቀብዬ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የምትል ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ያኔ አየር መንገዱ «ታርቀን ጨርሰናል» ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ «ልጅቷ ትቆጣ ይሆናል» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። እዚያ ካውንተር ላይ ይሉኝታ አያበላም።

ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትኬት መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ትኬት ቆርጦ የሚቀር ሰው ስለማይጠፋ አየር መንገዶች እንደዚያ ይሸጣሉ። ሁሉም ሲመጣ ግን ኪሳራው የሻጩ እንጂ የተሳፋሪው መሆን የለበትም። በእኔ እምነት ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። መጀመሪያ ካሳውን ጮክ ብሎ ተናግሮ ፈቃደኛ ይፈለግ። ካልተገኘ ብቻ ተሳፋሪ በግድ ይቅር፤ ያም ቢሆን ከነካሳው። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ይህንኑ ያዛል፤ ካሳውም እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። ያ ሕግ ግን ከአውሮፓ ለሚነሳ በረራ፣ ወይም በአውሮፓ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ አይሠራም።

ለእርስዎ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ኤምሬትስም አባል ናቸው። በአንቀጽ 19 መሠረት መዘግየት ላደረሰው ጉዳት አየር መንገዱ ይጠየቃል። ነፃ የሚወጣው አስፈላጊውን ሁሉ ማድረጉን ወይም ማድረግ አለመቻሉን ካስረዳ ነው። አየሩ ከፍቶ ቢሆን ይህን ማስረዳት ይችል ይሆናል፤ ራሱ አብልጦ በሸጠው ትኬት ግን እንዴት አድርጎ? የካሳው ጣሪያ ለአንድ ተሳፋሪ 6,303 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የሒሳብ መለኪያ ነው። ጣሪያ ነው እንጂ የሚታደልዎ ገንዘብ አይደለም። የሚከፈልዎ ያስረዱት ያህል ነው።

«ይህ መዘግየት ሳይሆን ውል አለመፈጸም ነው» የሚል ክርክርም አለ። የውጭ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው አንድ አቋም የላቸውም። ስለዚህ ክሱ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ቁጥር 1771 በአማራጭ እንጠቅሳለን። እሱም ውል ያልፈጸመ ካሳ ይከፍላል ይላል።

የሚከብደው የካርጎው ቀብድ ነው። አየር መንገዱ «ካርጎ እንዳለብሽ በምን አውቄ?» ማለቱ አይቀርም። የቀብዱ ደረሰኝና ዕቃው የተጫነበት ቀን በጽሑፍ ካልተያዙ፣ ይህንን ክፍል ብዙ ተስፋ አያድርጉበት። ዱባይ ላይ ከፍለው ያላደሩበት ሆቴል ግን ይጠየቃል። ኩፖኑ ያልሸፈነው ታክሲና ምግብም እንዲሁ።

አንድ ነገር ይጠብቁ። ሌላው መከላከያቸው «ዘግይታ ነው የመጣችው» የሚል ነው። ሻንጣዎ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት፣ የተሰጠዎ የመሳፈሪያ ካርድ፣ ቦሌ ሆነው ለቤተሰብ የላኩት መልእክት፣ ሁሉም ቀን ወይም ሰዓት አላቸው። ምንም አይጣሉ።

ክሱ ዱባይ ድረስ አይወስድዎትም። ትኬቱን እዚህ ከአየር መንገዱ ቢሮ ከገዙ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ያየዋል። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ዱባይ ከደረሱበት ወይም መድረስ ከነበረብዎ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ካለፈ መብቱ ይጠፋል። ለጊዜው ጠበቃ አይቅጠሩ። የጠፋውን ገንዘብ በዝርዝር ጽፈው፣ የደረሰኞቹን ኮፒ አያይዘው ለአየር መንገዱ ደብዳቤ ያስገቡ። የእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ማኅተም ያድርጉልዎ። በአንድ ወር ካልመለሱ ፋይሉን ይዘው ይምጡ።