«የተወቀረው ደብር» ወይስ «ገዳም»?

ጥያቄ፦ በአንድ ጽሑፍ «ከአለት የተወቀረው የደብረ ዳሞ ደብር» የሚል አነበብሁ። ሌላው ደግሞ «የደብረ ዳሞ ገዳም» ይላል። በሁለተኛው ደብርና ገዳም መደራረባቸው ስህተት አይደለም? የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይጻፉ። የመጀመሪያው ሐረግ እርስዎ ከጠረጠሩት በላይ የተበላሸ ነው፤ ትልቁ ጥፋት ያለውም «የተወቀረው» ላይ ነው።

መውቀር ድንጋይን እየመቱ መፈልፈል ነው። የደነዘ ወፍጮ ይወቀራል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ውቅር ናቸው። ትውፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጼ ገብረ መስቀል ለአቡነ አረጋዊ አሠራው የሚለው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግን ከአምባው አናት ላይ የታነጸ ነው። ግድግዳው የድንጋይና የእንጨት ረድፍ እየተፈራረቀ የተነሣ ሲሆን፣ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው እነርሱ ናቸው። ስልቱ የአክሱም ግንበኞች ነው። በአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ላይ የሚታዩት ክብ ጉብታዎችም የእነዚሁ እንጨቶች ምስል ናቸው፤ የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ጠራቢም ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ በአለት ላይ አስመስሎ አውጥቶታል። እንግዲህ የተቀዳው ሕንፃው ሆኖ ሳለ እርሱን «ውቅር» ማለት ዋናውን በቅጂው ስም መጥራት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ ያደሰውም ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ሥራ ነበር። በመግቢያው ክፍል ጣሪያ ያሉት አራዊት የተቀረጹባቸው የእንጨት ገበታዎች ለብቻቸው ሌላ ደብዳቤ ይገባቸዋል።

ወደ «ደብር» እንመለስ። በግእዝ ደብር ተራራ ነው፤ «ደብረ ዳሞ» ማለትም የዳሞ ተራራ። ቦታውን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ ዛሬም ወንዶች ገደሉን የሚወጡት በጠፍር ገመድ ተስበው ነው፣ ሴቶች አይገቡም። በአማርኛችን ደብር ብዙ ካህናት ያሉት፣ በአለቃ የሚተዳደር ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ገዳም በግእዝ ምድረ በዳ ነበር፣ ኋላ የመነኮሳት መኖሪያ ሆነ። ስለዚህ «የደብረ ዳሞ ገዳም» ሲሉ በዳሞ ተራራ ያለ የመነኮሳት ማኅበር ማለትዎ ነውና ምንም አልተደራረበም። ድግግሞሽ ካሉ ያለው «የደብረ ዳሞ ተራራ» በሚለው ውስጥ ነው፤ እርሱንም አልከለክልዎትም፣ «የደብረ ዘይት ተራራ» ሲባል ማን ተቆጥቶ ያውቃል?