መንጋጋ ስንል ጥርሱን ነው አጥንቱን? ጥያቄና መልስ

ስለ መንጋጋ የምትጠይቁትን አምጡ። አደራ፣ አረፍተ ነገሩን ሙሉውን ጻፉልኝ። ቃሉ ብቻውን አይፈታም።

ከዋሽንግተን፦ ጋሼ፣ ክሊኒክ ውስጥ አስተረጉማለሁ። አንዲት እናት «መንጋጋዬን ያመኛል» አሉኝ። የአገጭ አጥንት ብዬ ለሐኪሙ ነገርኩት። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሁለት ስህተት አለ፣ እህቴ። አገጭ ከታችኛው ከንፈር በታች ያለው ጫፍ ነው። መንጋጋ ግን እስከ ጆሮ ሥር ይዘልቃል። ሁለተኛ፣ ሰው «መንጋጋዬን ተነቀልኩ» ሲል አጥንቱን አይደለም፣ የኋላውን ትልቅ ጥርስ ነው። ስለዚህ እኒያን እናት መጠየቅ ነበረብሽ፦ ጥርሱን ነው አጥንቱን? ሁሌም ጠይቂ።

ከአዳማ፦ ሳምሶን በምኑ ገደለ? በጥርስ?

መልስ፦ በአጥንቱ! መጽሐፈ መሳፍንት 15 ላይ ያለው የአህያ መንጋጋ ሙሉው አጥንት ነው፣ በእጅ የሚጨበጥ። ቦታውም ሌሒ ይባላል። በዕብራይስጥ መንጋጋ ማለት ነው። ሳምሶን ሲጠማው ውኃ የፈለቀውም እዚያው ነው። ሌሒ ቦታም አጥንትም ስለሆነ፣ አንዱ ተርጓሚ ውኃው ከመንጋጋው ወጣ ይላል፣ ሌላው ሌሒ ከሚባለው ስፍራ። አያችሁ አይደል? አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ ተርጓሚም ይለያያል።

ከሪያድ፦ ስናዛጋ መንጋጋ ቢወልቅስ?

መልስ፦ ሐኪም ቤት። እኔ የቃል ሰው ነኝ።

ከጎንደር፦ ትክክለኛው መንጋጭላ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ማን አለ? መንጋጭላ የጠብ ቃል ነው። «መንጋጭላውን አለው» እንላለን እንጂ ሐኪም ፊት አንልም።

ከጎንደር፦ እናቴ ሁሌም ትለዋለች! ግዕዙስ መልታሕት አይደል?

መልስ፦ መንጋጋም መንጋጭላም አማርኛ ነው። መንጋጭላ ጥርስን አያመለክትም፣ አጥንቱን ነው፤ ለአስተርጓሚዋም ይጠቅማታል። መልታሕት ደግሞ ማቴዎስ 5፥39 ላይ ነው፣ አማርኛው ጉንጭ ይለዋል። ጉንጭ ሥጋው ነው። ጉንጭ አልፋውን ክርክር እዚህ ላይ ተዉት።

ከደሴ፦ መንጋጋ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። አረፍተ ነገር አምጣ ብያለሁ።

ከደሴ፦ «በአፋር የሰው መንጋጋ ተገኘ» ይላል።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቀኝ! ይህ በ2013 እ.ኤ.አ. ሌዲ ገራሩ ላይ የእኛው ተመራማሪ ቻላቸው ስዩም ያገኘው ነው። የታችኛው መንጋጋ ግራ ጎን ነው፣ 5 ጥርስ እንደተተከለበት። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያህል። ሆሞ ከሚባለው ከእኛ ወገን እስካሁን ከታወቁት ቅሪቶች ጥንታዊው ተብሎ ተመዝግቧል። አንባቢ ግን ያንን ርዕስ አይቶ አንዲት ጥርስ ተገኘች ብሎ ያልፋል። «የመንጋጋ አጥንት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው።

ከአዳማ፦ «ከአንበሳ መንጋጋ ማን ያወጣል ሥጋ»ስ?

መልስ፦ እዚያ ጥርሱም አጥንቱም አንድ ላይ ነው። የአንበሳው ንክሻ በሙሉ።

ከዋሽንግተን፦ ጋሼ፣ እኒያ እናት ሐሙስ ይመለሳሉ። እጠይቃቸዋለሁ።

መልስ፦ ከሐኪሙ በፊት ጠይቂያቸው።