ከሁለተኛ ዲግሪው በፊት ማህደሩ

እህቴ፣ አምስት ዓመት በአእምሮ ሕክምና አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ሠርተሻል፤ ፈቃድሽ ግን የጠቅላላ ነርስ ነው። የአእምሮ ጤና ነርስነት የብቃት ማረጋገጫ ልያዝ ወይስ ሥራ አቁሜ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብለሽ ጠይቀሻል። በእኔ እምነት ማረጋገጫው ይቅደም። ምክንያቴ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

ፈቃድ በሙያው እንድትሠሪ ተቆጣጣሪው አካል የሚሰጥሽ ነው። ዲግሪ መማርሽን ይመሰክራል። ማረጋገጫ ደግሞ የሙያ አጋሮችሽ ሥራሽን መርምረው በዘርፉ በብቃት እየሠራሽ መሆኑን የሚያጸኑበት ነው፤ የሚመረምሩትም የቅርብ ጊዜ ሥራሽን ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ ለአእምሮ ጤና ነርሶች የማረጋገጫ ፈተና ለመቀመጥ ሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ የነርስነት ሥራ ይጠየቃል፤ በተጨማሪም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በዘርፉ የተሠራ 2,000 ሰዓትና የ30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። አሁን ሥራሽን ትተሽ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብትገቢ፣ ስትመለሺ ከሦስቱ ዓመታት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ዛሬ በእጅሽ ያለው የአምስት ዓመት ልምድ ያን ጊዜ ብዙም አይቆጠርልሽም።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ የአእምሮ ጤና ነርስነት ገና ከመሠረታዊ ሥልጠናው ጀምሮ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረው ብሔራዊ ምዝገባ ወዲህ የአእምሮ ጤና ነርሶች የተለየ መዝገብ ስለሌላቸው፣ የሙያ ኮሌጃቸው የሚሰጠው ማረጋገጫ ክፍተቱን ይሞላል፤ እሱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። በአንቺ አገር የሚጠየቀውን ከተቆጣጣሪው አካል በጽሑፍ አግኚ፤ የባልደረባ ወሬ አይበቃም።

የሥራሽን ማስረጃዎች የምታሰባስቢበትን ማህደር ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ምን እንደምታስገቢበት ግራ ከገባሽ የብሪታንያ ነርሶች ፈቃዳቸውን በየሦስት ዓመቱ ሲያድሱ የሚያቀርቡትን እንደ መነሻ ውሰጂ፦ 450 የሥራ ሰዓት፣ 35 ሰዓት የሙያ ማጎልበቻ (20ው ከሌሎች ጋር በጋራ የተሠራ)፣ አምስት ከታካሚ ወይም ከባልደረባ የተገኙ አስተያየቶች፣ እንዲሁም ከራስሽ ሥራ ተነስተሽ የጻፍሻቸው አምስት ሐተታዎች።

ሰዎችን የሚያደክማቸው ሐተታው ነው። በማህደራቸው ላይ ምስክርነት እንድሰጥ ከሚጠይቁኝ ነርሶች አብዛኞቹ «የተረበሸ ታካሚን በማነጋገር አረጋጋሁ» ብለው ያልፉታል። ይህ ለማንም ምንም አይነግርም። አንዲት ነርስ ግን እንዲህ ጽፋ ነበር፦ ታካሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ በሩ ሲሄድ እሷና ባልደረባዋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መውጫውን እንደዘጉበት ስላስተዋለች አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች፤ ባልደረባዋም ወደ ኋላ እንዲል በዓይኗ ጠቆመችው። እጆቿ እንዲታዩ አድርጋ በዝግታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፣ ከዚያም ዝም ብላ ጠበቀች። የማረጋጊያ መርፌም ሳያስፈልግ ቀረ። በመጨረሻ በፈረቃ ርክክብ ላይ ስለ በሩ ጉዳይ ለሌሎቹ መናገሯን ጨምራለች። ገጹ ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ችሎታዋ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንቺም እንዲህ ጻፊ፤ የታካሚውን ስም፣ የአልጋ ቁጥርና ማንነቱን የሚጠቁም ማንኛውንም ነገር ግን አታስገቢ።

ሁለተኛው ሥራሽ ክሊኒካል ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ስለ ሥራሽና በውስጥሽ ስለሚፈጥረው ስሜት በመደበኛነት እያነጋገረ የሙያ ድጋፍ የሚሰጥሽ ሰው መፈለግ ነው። የሥራ አፈጻጸምሽን የሚሞላልሽ አለቃ ባይሆን ይመረጣል፤ ደመወዝሽንና ፈረቃሽን በሚወስን ሰው ፊት ፍርሃትሽን በነፃነት አትናገሪም። በእኛ ዘርፍ ዋናው መሣሪያ ነርሷ ራሷ ናት። አንድ ታካሚ ለምን እንደሚያስቆጣሽ፣ ሌላው ለምን ከልክ በላይ እንደሚያሳዝንሽ በመደበኛነት ካልተነጋገርሽበት ውሎ አድሮ እንክብካቤሽን ያዛባዋል። በአካባቢሽ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ ከሁለት ከሦስት የሥራ እኩዮችሽ ጋር ቋሚ ቀን ይዛችሁ ጀምሩ፤ የተገናኛችሁበትን ቀንና የተነጋገራችሁበትን ርዕስ መዝግቢ።

ሁለተኛ ዲግሪ አትማሪ እያልኩ አይደለም። ማስተማር ወይም ምርምር ከፈለግሽ፣ ወይም እንደ አሜሪካው የአእምሮ ጤና ነርስ ፕራክቲሽነር መርምሮ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የምትሺ ከሆነ ያለ እሱ መንገዱ አይከፈትም። ክፍሉ ስለሰለቸሽ ብቻ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሥራ ቦታ ለመቀየር ሞክሪ፤ የማኅበረሰብ ክትትል፣ የሱስ ሕክምና ወይም የሕፃናትና ወጣቶች ክፍል ፍጹም ሌላ ዓለም ነው።

ለማንኛውም በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጊ፦ በክፍሉ የሠራሽበትን ጊዜና ሰዓት፣ የሥራሽንም ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ አጽፈሽ አስፈርሚና ማኅተም አስደርጊበት። የምታውቅሽ የክፍል ኃላፊ ከተዛወረች በኋላ የዚህን ደብዳቤ ፊርማ ማግኘት የፈተናውን ያህል ሊያለፋሽ ይችላል።