ለመልሱ ጉዞ የሚበቃ ሻንጣ፦ ለወጣት ጠላቂዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ እየወረዳችሁ፣ አቅም ሲፈቅድም እስከ ዛንዚባርና ሁርጋዳ እየበረራችሁ ባሕር መጥለቅ የጀመራችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የምንስብበት መተንፈሻ)፣ ስለ ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ ልብስ) እና ጥልቀትና ጊዜ ስለሚቆጥረው ጠላቂ ኮምፒውተር ነው። ያንን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ስለሚሄደው ባለ ጎማ ሻንጣ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። የሥራ ዘመኔን በባሕር ጠላቂነት ስላሳለፍኩና ዛሬም ስለ ዕቃችሁ ስለማስብ፣ ሻንጣን በተመለከተ የማምንበትን በጽሑፍ ላቀርብላችሁ ወደድኩ። የምነግራችሁ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ የጠላቂ ሻንጣ መመረጥ ያለበት ለመልሱ ጉዞ ነው። ስትሄዱ ዕቃው ደረቅና በሥርዓት የታጠፈ፣ ጉልበታችሁም ያልተነካ ስለሆነ ማንኛውም ሻንጣ ያደርሳችኋል፤ ስትመለሱ ግን ልብሱ ውሃ እንዳዘለ፣ ዚፑ ጨው፣ ጎማው አሸዋ እንደያዘ፣ እናንተም እንደደከማችሁ ነው፤ የሻንጣው ማንነት የሚታወቀውም ያኔ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዕቃችሁን መዝኑ። የመንሳፈፊያ ጃኬት እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ሬጉሌተር ከነመለኪያዎቹ 3 ኪሎ ገደማ፣ ጥንድ የእግር ክንፍ 2 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ዌትሱትም እንዲሁ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ማስኩ፣ ቡትሱ፣ መብራቱና ጥቃቅኑ ሲጨመር ከ11 እስከ 13 ኪሎ ይሆናል። የአየር ሲሊንደሩንና ለክብደት ወገብ ላይ የሚታሰረውን እርሳስ የምትጠልቁበት ማዕከል ስለሚያቀርበው ከቤት ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ መሆኑን ስታስቡ፣ ባዶውን ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሻንጣ የገዛ ሰው ለልብሱ የሚተርፈው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባችኋል። በመልሱ ደግሞ በደንብ ያልደረቀ ዌትሱት ብቻውን አንድና ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ባዶ ክብደቱ 3 ኪሎ አካባቢ የሆነውን ፈልጉ፤ ስትሄዱም ሚዛኑን እስከ ጫፍ አትሙሉት። መጠኑን በተመለከተ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ስለሚጠይቁ፣ 75 በ45 በ38 የሆነ ሻንጣ ልክ ወሰኑ ላይ ያርፋል፤ የተለመደውን የእግር ክንፍም ሳይታጠፍ ይይዛል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የውስጡን ርዝመት ራሳችሁ ለኩ።

ስለ ጎማው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ሻንጣ ከሁሉ በፊት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። በየአቅጣጫው የሚዞሩ አራት ትናንሽ ጎማዎች ያሉት ጠንካራ ሻንጣ የተሠራው ለአየር ማረፊያ ወለል ነው። በድሬዳዋ፣ በከዚራ አስፋልት ላይ ምናልባት ደህና ይሄድ ይሆናል፤ ወደ መጋላ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ወይም ኮብልስቶን ወደተነጠፈበት ሰፈር ስትገቡ ግን ትናንሾቹ ጎማዎች በድንጋዩ መካከል እየተሰነቀሩ እጃችሁን ይነቅሉታል፤ ጅቡቲ ወርዳችሁ የአርታን የባሕር ዳርቻ አሸዋና ጠጠር ስትረግጡም ሻንጣውን አንስታችሁ ከመሸከም በቀር ምርጫ አይኖራችሁም። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች፣ ዲያሜትራቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዙሪያቸው ላስቲክ የለበሰ፣ ግማሽ አካላቸውም በሻንጣው ገላ ውስጥ ገባ ብሎ ከምት የተጠበቀ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሻንጣውን ገልብጡትና ጎማውን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ሳይንቋቋ ረዘም ላለ ጊዜ ይዞራል፤ ጎማውን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትነቀንቁትም አይላላም። ቀጥሎ በምን እንደታሰረ ተመልከቱ። በቡሎን የታሰረ ከሆነ የትም ቦታ በካቻቪቴ ተፈትቶ ሊጸዳና ሊቀየር ይችላል፤ በሪቬት ተመትቶ የተጣበቀ ከሆነ ግን አሸዋና ጨው ኩሽኔታውን በበላው ቀን ሙሉውን ሻንጣ ልትጥሉት ትችላላችሁ። በእኔ ግምት ከሻንጣው ቀለም፣ ከኪሱ ብዛትና ከታተመበት ስም ይልቅ ይህች የቡሎን ራስ ትበልጣለች። ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላይ ውድና ርካሽ ሻንጣ ጎን ለጎን ተደርድሮ ስታዩ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት እሷን ፈልጉ።

ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሳበው የአሉሚኒየም እጀታ ሌላው የሚጎዳ ክፍል ነው፤ ሲጣመም አይወጣም፣ አሸዋ ሲገባበትም ይነክሳል። እጀታ የሌላቸው፣ በጠንካራ ማንገቻ ብቻ የሚጎተቱ ሻንጣዎች አሉ፤ ቀላልም ናቸው። ረጃጅም ሰዎች ግን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ባለ እጀታውን ቢመርጡ አልቃወምም።

ስለ ሸራው አጭር ቃል ይበቃል። ሻጩ ስለ ዲኒየር ሲነግራችሁ፣ 9,000 ሜትር ክር በግራም ምን ያህል እንደሚመዝን መናገሩ ነው፤ ስለዚህ ባለ 1,000 ዲኒየር ናይለን ከባለ 300ው ይልቅ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ከታች በኩል ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ በመረብ የተሸፈነ ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። ዚፑ ወፍራም የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ይሁን፤ የብረት ጥርስ ከጨው ጋር አይስማማም። አከፋፈቱም በሦስት ጎን ዙሪያውን ይሁን፤ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፈታሹ ክፈቱ ሲላችሁ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ሳትዘረግፉ ከላይ ታሳዩታላችሁ።

ሸራ ሻንጣን ከጠንካራው የማስበልጥበት ሌላ ምክንያት ጀልባው ነው። ወደ ባብ ኤል መንደብ መግቢያ፣ ሰባቱ ወንድማማቾች ወደሚባሉት ደሴቶች የሚሄዱ ጠላቂዎች ለቀናት የሚያድሩት በጀልባ ላይ ሲሆን፣ የመኝታ ክፍሉ ጠባብ ነው። ዕቃው ከወጣ በኋላ ሸራው ታጥፎ አልጋ ሥር ይገባል፤ ጠንካራው ሻንጣ ግን መተላለፊያውን ዘግቶ ይቆማል፤ ማዕበል ሲነሳም ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል።

ደግሞም ሸራ ይሰፋል። ሐረር መኪና ግርግር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሥሩ የተነቀለ የሻንጣ ማንገቻ ሲሠራ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መጀመሪያ የተቀደደውን ጠርዝ በክብሪት ለብልቦ ክሩ እንዳይተረተር አደረገ፤ ከአሮጌ ቦርሳ የቆረጠውን አራት ማዕዘን ሸራ ከውስጥ በኩል ደገፈበት፤ ማንገቻውን በላዩ አስተኝቶ በናይለን ክር ዙሪያውን ሰፋው፤ በመጨረሻም ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል አምሳል ደገመው። ሲጨርስ ሻንጣውን በማንገቻው ብቻ አንጠልጥሎ ነቀነቀውና ለባለቤቱ ሰጠው። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሻንጣ ብትወስዱለት ይህን ሊያደርግላችሁ አይችልም።

በትልቁ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ዕቃም አለ። ሬጉሌተራችሁን፣ ማስካችሁንና ኮምፒውተራችሁን በእጃችሁ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፤ ሻንጣው ቢዘገይ ጃኬትና ክንፍ መከራየት ቀላል ነው፤ ለአፍና ለፊት የተለመደውን ዕቃ በሌላ መተካት ግን ጥለቃውን ምቾት የለሽ ያደርገዋል። በአውሮፕላን ስትሄዱ የመብራትና የካሜራ ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎች በሙሉ ከእናንተ ጋር ወደ ካቢን መግባት አለባቸው፤ ሻንጣ ውስጥ መላክ ክልክል ነው። ቢላዋው በተቃራኒው ወደ ትልቁ ሻንጣ ይገባል።

አሁን ለድሬዳዋና ለሐረር ልጆች በተለይ የምናገረው አለኝ። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ከአንድ ተራ ጥለቃ በኋላ ከመብረር በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ወይም ከበርካታ ቀናት ጥለቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ይመክራል፤ ወደ ላይ ሲወጡ በመሃል የግድ መቆም የሚያስፈልግበት ጥለቃ ከሆነ ከዚያም በጣም ይረዝማል። ብዙዎቻችሁ ይህ አውሮፕላን የሚሳፈርን ብቻ የሚመለከት ይመስላችኋል። ነገር ግን ስትጠልቁ ከተነፈሳችሁት አየር በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ጎጂ አረፋ የሚሠራው በዙሪያው ያለው ግፊት ሲቀንስ ነው፤ የድርጅቱ ምክርም ከ600 ሜትር ገደማ ጀምሮ ያለውን ከፍታ ይመለከታል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ሙሻ ደሴት ጠልቆ በማግስቱ ማለዳ እዚያው ከነጋድ ጣቢያ በባቡር የሚሳፈር፣ ወይም በመኪና የሚወጣ ልጅ፣ ሳይበርም እንደበረረ ሊቆጠር ይገባዋል። እባካችሁ የመጨረሻውን ቀን ከጥለቃ ነፃ አድርጉት።

ያ ቀን ለሻንጣችሁም ቀኑ ነው። ዕቃውን ሁሉ ጨው በሌለው ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፤ ዌትሱቱን ገልብጣችሁ ውስጡ አስቀድሞ እንዲደርቅ አድርጉ። ባዶውን ሻንጣ በጎኑ አስተኝታችሁ ዚፑንና ጎማውን እጠቡ። በነፋሱና በሙቀቱ አብዛኛው ዕቃ እስከ ማታ ይደርቃል፤ የሚቀረውን እርጥብ ነገር በፕላስቲክ ከረጢት ለይታችሁ ከሁሉ በላይ አስቀምጡት፤ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ሻንጣውን እንደገና አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ዚፑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። በደረቀው ጥርስ ላይ ሻማ አሹበት፤ የጎማውን ቡሎን በካቻቪቴ አጥብቁ፤ ዚፑን ክፍት አድርጋችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ስፌቱ የላላበት ቦታ ካያችሁም በዚያው ሳምንት ለልብስ ሰፊው ስጡት፤ የጉዞ ዋዜማ ላይ በችኮላ ከሚሰፋው የተሻለ ሥራ ታገኛላችሁ።