መልስ፦ ጳውሎስ ኞኞ የታሪክ ጸሐፊ ይባላል ወይ?

«በቀለም ትምህርት ብዙ ሳይገፋ እንዴት የታሪክ ጸሐፊ ይባላል?» ብለሃል ወንድሜ። በኔ እምነት በደንብ ይባላል። ጋሽ ጳውሎስ በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ተወለዱ፤ አባታቸው ግሪካዊ ናቸው። መደበኛ ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ጋዜጠኛ ነበሩ፣ ያውም በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዳቸው ከየአቅጣጫው ለሚጎርፈው የአንባቢ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ የኖሩ፣ ስለዚህ ተራው ሰው ምን ማወቅ እንደሚፈልግ አሳምረው ያውቁታል። «አጤ ምኒልክ» የሚለውን መጽሐፋቸውን አንብበው። ስለ አድዋ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ፣ መኪናው፣ ወፍጮው እንዴት እንደገባ ሁሉ አለበት። የንጉሡን ደብዳቤዎች መሰብሰባቸው ደግሞ ለኔ ትልቁ ውለታቸው ነው፣ ምክንያቱም ምኒልክን በራሳቸው አንደበት ትሰማቸዋለህ። በ1984 ዓ.ም. አረፉ፣ ገና በ58 ዓመታቸው። በጣም ያሳዝነኛል።